ስለ ራሳቸው የሚመሰክሩ ቃላት

ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ እንደማይገኝ ሽማግሎችም ዳኞችም ያውቃሉ። ስለዚህም ማንም ስለ ራሱ ሲመሰክር ቃሉን የሚያጸናለት ሌላ ምስክር ይፈለግበታል። ቃላትስ እንዴት ናቸው? ቃል ስለ ራሱ ሲናገር እውነተኛ ነውን ወይስ ሐሰተኛ? ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ጠልቆ ለሚመረምረው ሰው፣ ይልቁንም ብዕር ይዞ በሰው ጉዳይ ላይ ለሚጽፍ ሹም፣ ቁም ነገር ያለበት ሆኖ ስላገኘነው በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ከክቡራን አንባብያን ጋራ ልናወጋበት ወደድን።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ማንኛውም ቃል ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚያመለክተው ፍች አለው፤ ሁለተኛ፣ ቃሉ ራሱ በአፍ የሚነገር ድምፅ፣ በወረቀት ላይ የሚሰፍር ፊደል ነው። ፍቹና መልኩ የተስማሙ እንደ ሆነ ቃሉ ራሱን ገለጸ እንላለን፤ የተጣሉ እንደ ሆነ ግን ራሱን ካደ እንላለን። «ስም» የሚለው ቃል በሰዋስው ስም ነው፤ ስለዚህ ስለ ራሱ እውነት መሰከረ። «ግስ» የሚለው ቃል ግን እርሱም ስም ነው እንጂ ግስ አይደለምና ራሱን ካደ። «አማርኛ» የሚለው ቃል አማርኛ ነው። «እንግሊዝኛ» የሚለውም ቃል አማርኛ ነው እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም። «ኦሮምኛ» የሚለውም ቃል፣ መጨረሻው እንደሚያሳየን፣ የአማርኛ ቃል ነው፤ የቋንቋው ባለቤቶች ቋንቋቸውን የሚጠሩት «አፋን ኦሮሞ» ብለው ነውና፣ ራሱን የሚገልጸው ስም ይህኛው ነው።

መልካቸውን አይቶ ፍቻቸውን መገመት የሚቻልባቸው ቃላትም በቋንቋችን ጥቂት አይደሉም። «ድግግሞሽ» ሲባል «ግ» ሁለት ጊዜ ይደገማል። «ድርብርብ» ሲባል ፊደሎቹ ራሳቸው ተደራርበው ይታያሉ። «ዝርዝር» የሚለውም አንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ ዘርዝሮ ያሳያል። «ሹክሹክታ» ደግሞ በዐይን ሳይሆን በጆሮ ራሱን የሚገልጽ ነው፤ ቃሉን ጮኾ የሚናገረው ሰው እንኳ ከፊሉን ማንሾካሾኩ አይቀርም። ከሥርዐተ ነጥብም «አራት ነጥብ» የምንላት ምልክት በእውነት አራት ነጥብ ናት፤ ስሟና ግብሯ አንድ ሆኖ ዐረፍተ ነገሩን ትዘጋለች።

እንግዲህ ራሳቸውን የሚክዱትን እንመልከት። «ረጅም» በሦስት ፊደል ይጻፋል፤ «አጭር»ም እንዲሁ በሦስት ፊደል ይጻፋል። ረጅሙና አጭሩ ጐን ለጐን ቢቆሙ ቁመታቸው እኩል ነው። በኦሮምኛ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። ረጅም ማለት «ዴራ» ነው፤ አጭር ማለት «ገባባ» ነው። በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው ረጅሙ ሁለት፣ አጭሩ ሦስት ፊደል ይሆናል። ቋንቋው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1991 ወዲህ በይፋ በሚጻፍበት በላቲኑ ቁቤ ቢጻፉም ረጅሙ 7፣ አጭሩ 8 ፊደል ይወስዳል። ነገር ግን ለረጅሙም የሚሟገትለት ጠበቃ አይታጣም። በቁቤ የሚረዝም አናባቢ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋልና፣ በ«ዴራ» ውስጥ ያሉት ሁለቱም አናባቢዎች ረጅሞች ስለ ሆኑ፣ ቃሉ በቁመቱ ቢያጥርም በድምፁ ረጅም ነው ማለት ይቻላል። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛም ይህን ቃል የሚመስል ስም ያላትን የዴራን ከተማ ሲያልፍ ነገሩን ሊያስታውስ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ፊደል ስንቆጥር ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቃቸው የሰባቱ እርከኖች ስም ነው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኀምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ እያልን ስንጠራቸው ስሞቹ ራሳቸው በየትኛው እርከን ፊደል እንደ ተጻፉ ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው። «ግዕዝ» የሚለውን ስም ብንመለከት «ግ» ሳድስ ነው፤ «ዕ» ሳድስ ነው፤ «ዝ»ም ሳድስ ነው። የመጀመሪያው እርከን ስም አንድም የግዕዝ ፊደል ሳይኖረው ሁለንተናው በስድስተኛው ፊደል ተጽፏል። «ካዕብ» ውስጥ ካዕብ የለም። «ሣልስ» ውስጥ ሣልስ የለም። «ኀምስ» ውስጥ ኀምስ፣ «ሳብዕ» ውስጥም ሳብዕ የለም። ከሰባቱ በስማቸው ውስጥ ራሳቸው የሚገኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም «ራ»ን ይዞ የሚነሣው «ራብዕ» እና «ድ»ንና «ስ»ን የያዘው «ሳድስ» ናቸው። ከዚህም በላይ የፊደል ሁሉ በኵር የሆነችው «ሀ» በቦታዋ ግዕዝ ሆና ሳለች በአማርኛ የምትነበበው እንደ ራብዕዋ እንደ «ሃ» ነው። የአማርኛው ገበታ በ33 ረድፍና በ7 እርከን 231 ፊደላትን ይዞ ከፊታችን ተሰቅሎ ሲኖር ይህን የመሰለ ምሥጢር በስሞቹ ውስጥ ተሸሽጎ መኖሩ ያስደንቃል።

በቍጥርም እንዲሁ ነው። ከአንድ እስከ ዐሥር ያሉትን የአማርኛ የቍጥር ስሞች ጽፎ ፊደላቸውን የሚቈጥር ሰው፣ ስሙና የፊደሉ ብዛት የተስማማለት አንድ ብቻ ሆኖ ያገኛል፤ እርሱም «ሦስት» ነው፤ ሦ፣ ስ፣ ት። በግዕዝ ከአሐዱ እስከ ዐሠርቱ ቢቈጥር ግን አንድም አያገኝም። በኦሮምኛ ቍጥር ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር እያለ ሲሄድ፣ በእኛ ፊደል ከተጻፈ ሁለት ማለት የሆነው «ለማ» በሁለት ፊደል ይጻፋልና እርሱ ብቻ ራሱን ይገልጻል። በቁቤ ሲጻፍ ግን ይህ ክብር ከ«ለማ» ይወሰድና አራት ማለት ለሆነው ለ«አፉር» ይሰጠዋል፤ በላቲን በአራት ፊደል ይጻፋልና። በእንግሊዝኛም ራሱን የሚገልጸው የቍጥር ስም የአራት ስም ብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ቃሉ ሳይለወጥ ልብሱ የሆነው ፊደል ቢለወጥ ምስክርነቱም ይለወጣል።

አሁን ወደ ጭንቁ ነገር እንግባ። የፊደላችን ጌጥ ብዙ ቢሆንም አንድ የጐደለው ነገር አለ፤ ይኸውም የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አለማሳየቱ ነው። «ገና» ብለን ጽፈን «ና»ን ስናላላው ያልደረሰ ነገር ነው፤ ስናጠብቀው የልደት በዓል ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ግን አለመጥፋትን ያመለክታል። እንግዲህ ይህን የማጥበቅንና የማላላትን ነገር የምንጠራባቸው ሁለቱ ቃላት ስለ ራሳቸው ምን እንደሚመሰክሩ እንጠይቃቸው። «ገመዱ ጠበቀ» ስንል «በ» ትጠብቃለች፤ ቃሉ እውነተኛ ነው። «ገመዱ ይጠብቃል» ስንል ግን «ብ» ትላላለች፤ ቃሉ ሐሰተኛ ሆነ። አጥብቀን ያነበብነው እንደ ሆነ ገመዱ ዘበኛ ሆኖ በር ይጠብቃል ማለት ይሆንብናልና። «ላላ» ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። «ገመዱ ላላ» ስንል ሁለተኛዋ «ላ» ትጠብቃለች፤ ሐሰተኛ ነው። «ይላላል» ስንል ግን ላልቶ ይነገራልና እውነተኛ ነው። ስለዚህ አንዱ ትናንት እውነተኛ የነበረ ዛሬ የሚዋሽ፣ ሌላው ትናንት ዋሽቶ ዛሬ እውነት የሚናገር ሆነው እናገኛቸዋለን። በሰዎች መካከልም እንዲህ ያሉ አይታጡም።

ይህ ነገር በጨዋታ ላይ ያስቃል፤ በችሎት ላይ ግን ያስለቅሳል። አንድ ጸሓፊ በመዝገብ ላይ «ከሳሽ በቀጠሮው ቀን ይሰማል» ብሎ ቢጽፍ ምን ማለቱ ነው? ላልቶ ሲነበብ ከሳሹ መጥቶ የሚነገረውን ያዳምጣል ማለት ነው። «ሰ»ና «ማ» ጠብቀው ሲነበቡ ግን ከሳሹ ይናገራል፣ ዳኛውም ያዳምጠዋል ማለት ነው። አንደኛው ሰውዬው ዝም ብሎ የተፈረደውን ተቀብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው አፉን ከፍቶ በደሉን እንዲናገር ይፈቅድለታል። ፊደሉ ግን በሁለቱም አንድ ነው። እንዲሁም «ገንዘቡ ለባለርስቱ ይገባል» ቢባል፣ ላልቶ ገንዘቡ ወደ እርሱ እጅ ይደርሳል ማለት ሲሆን፣ ጠብቆ ደግሞ ሊሰጠው የተገባ ነው፣ መብቱ ነው ማለት ነው። መድረስና መገባት አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚገባው ሳይገባለት ዘመኑን ይጨርሳልና።

ለዚህ በሽታ መድኀኒት የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ እያስቀመጡ ጠብቆ የሚነበበውን ለይተው አሳይተዋል። ልማዱ ግን በሰፊው አልተያዘም። ነጥቡ ካልተለመደ ዘንድ የቀረው መድኀኒት የጸሓፊው ጥንቃቄ ነው። «ይሰማል» ከማለት «ቃሉን እንቀበላለን» ወይም «ፍርዱን ያዳምጣል» ብሎ ለይቶ መጻፍ ከቀለም ጥቂት ጠብታ በላይ አያስወጣም፤ ሩቅ አገር ተጕዞ ለመጣ ባለጉዳይ ግን የመንገዱን ድካም ከከንቱነት ያድነዋል። ዐይን የሚያየውን ጆሮ የማይለይበትም ጊዜ አለ። «ሠረቀ» በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ብርሃን ታየ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ ሌባ ወሰደ ማለት ነው። በአንዲት ሞክሼ ፊደል መሳሳት ፀሐይን ሌባ ያደርጋታል።

ከቃላት ወደ ቦታ ስሞች ስንሻገር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደውን ጐዳና ብንከተል የምናልፍባቸው ስሞች ብዙዎቹ ስለ ራሳቸው የሚመሰክሩ ናቸው። «ስምጥ ሸለቆ» የሚለው ስም ራሱ የሰመጠ ምድር መሆኑን ይናገራል። በመጀመሪያ የምናገኛት ቢሾፍቱ ናት፤ በኦሮምኛ ውኃ «ቢሻን» ይባላልና ስሟን ከውኃ ብዛት ጋራ ያያይዙታል። በዙሪያዋም እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጕድጓድ የተኙ ሆራና ባቦጋያ የተባሉ ሐይቆች ስላሉ ምስክሮቿ ቅርብ ናቸው። «ሆራ» ማለትም ከብት የሚጠጣው ማዕድን ያለበት ውኃ ማለት ነው፤ ስለዚህ «የሆራ ውኃ» የሚል ሰው ውኃውን ሁለት ጊዜ ጠራው። በወሎም እንዲሁ «ሐይቅ» የምትባል ከተማና በአጠገቧ «ሐይቅ» የሚባል ሐይቅ አለ፤ ስሙን ከነዓይነቱ የሚጠራ ሰው «የሐይቅ ሐይቅ» ለማለት ይገደዳል። ከአዳማ አጠገብ ባለችው በአዋሽ መልካሳ ስም ውስጥ የወንዝ መሻገሪያ ማለት የሆነው «መልካ» ይሰማል፤ ከተማዪቱም በአዋሽ ወንዝ አጠገብ ናት። ወደ ደቡብ ወርደን ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ስንደርስ፣ በሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቋ «ቱሉ ጉዶ» ትባላለች፤ ትርጓሜውም ታላቅ ተራራ ማለት ነው። ስሟን ያወጣላት ሰው ምንም አላጋነነም።

አዳማ ራሷ ደግሞ የሁለት ስሞች ታሪክ አላት። በኦሮምኛ «አዳሚ» ቁልቋል ነውና የመጀመሪያ ስሟን ከዚህ ተክል ጋራ ያገናኙታል፤ ዝናብ በሚያንስበትና ፀሐይ በሚበረታበት ቈላማ ምድር ላይ ለተቈረቈረች ከተማ ስሙ መልኳን የሚናገር ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ጌታችን ባደገባት ከተማ ስም «ናዝሬት» ተባለች። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰላት፤ ናዝሬት እያለ የሚጠራት ሰው ግን ዛሬም ብዙ ነው። ቢሾፍቱም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1955 ደብረ ዘይት ተብላ ኋላ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳለች። ስለዚህ ነገር እኛ የምንለው ይህን ነው፦ አንዱ ዓይነት ስም ያለውን ነገር ይገልጻል፤ ሌላው ዓይነት ስም የተመኙትን ነገር ይገልጻል። ቁልቋል በምድሪቱ ላይ ያለ ነው፤ ናዝሬት በስም ሰጪው ልብ የነበረ በረከት ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። መልአክ ያወጣው እንደ ሆነም ስሙ በሚጠራው ሰው ቋንቋ ሊሰማና ሊገባ ይገባዋል። አያቱ በኦሮምኛ፣ አባቱ በአማርኛ በሚናገሩበት የአዳማ ቤት የተወለደ ልጅ የከተማውን ስም ሁለት ጊዜ ቢያውቀው ሀብት ነው እንጂ ጕድለት አይደለም። ሀብቱ የሚጠፋው አንደኛውን እንዲያፍርበት የተደረገ እንደ ሆነ ነው።

ስለ ራሱ የሚናገር ቃል ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል የጥንት ሰዎችም ያውቁ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ከቀርጤስ ሰዎች አንዱ ስለ ገዛ ወገኖቹ ዘወትር ውሸተኞች መሆናቸውን እንደ ተናገረ ይጠቅሳል። ፈላስፎች በዚህ ነገር ተጨነቁ፤ ተናጋሪው እርሱ ራሱ የቀርጤስ ሰው ነውና፣ ሁልጊዜ የሚዋሹ ከሆኑ እርሱም ዋሽቷል ማለት ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1908 ኩርት ግሬሊንግና ሌኦናርድ ኔልሶን የተባሉ ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ነገሩን ወደ ቃላት አምጥተው አጠበቁት። ቃላትን ሁሉ፣ እኛም ከላይ እንዳደረግነው፣ ራሳቸውን በሚገልጹና በማይገልጹ ከፈሏቸውና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «ራሱን የማይገልጽ» የሚለው ስያሜ ራሱ ከየትኛው ወገን ነው? ራሱን የማይገልጽ ነው ብንል፣ የሚናገረው ያንኑ ነውና ራሱን ገለጸ። ራሱን ይገልጻል ብንል ደግሞ፣ ራሱን የማይገልጽ መሆኑን አመንን። በየትም ቢገቡ መውጫ የለውም። ክቡራን አንባብያን በሌሊት እንቅልፍ እንዳያጡበት እንመክራለን።

ይህን የመሰለ ረቂቅ ጨዋታ ለዓለም የተወው ግሬሊንግ ግን መጨረሻው ጨዋታ አልሆነም። በናዚዎች ዘመን አይሁዳዊ ተብሎ ተይዞ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1942 አውሽቪትዝ ወደሚባለው የሞት ሰፈር ተወስዶ ጠፋ። ሰዎችን በስም እየከፈለ በመዝገብ ያሰፈረ መንግሥት፣ በአንዲት ቃል የብዙ ሰው ሕይወት ቈረጠ። ሊቁ በቃላት ላይ ያየው እንቆቅልሽ ቢበዛ አእምሮን ያስጨንቃል፤ ሹም በሰው ላይ የሚለጥፈው ስም ግን ነፍስን ያጠፋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ከብዕር ለወጣ ይልቁን ይሠራል። አፋፍ ላይ የቆመ ሰው እግሩን እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ የሰው ስም የሚጽፍም እጁን ይጠንቀቅ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስና ለልጆቻችን የሚሆን አንድ ጨዋታ እንስጥ። ከእራት በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲቀመጥ፣ ልጆቹ በየተራ አንድ ቃል ይጥሩ፤ የቀሩት ቃሉ ራሱን ይገልጽ ወይም ይክድ እንደ ሆነ ይፍረዱ። ፈራጁ ምክንያቱን ካልተናገረ ፍርዱ አይጸናም። ሁለተኛው ጨዋታ ቃልን ወደ ኋላ ማንበብ ነው። «ልጅ» ወደ ኋላ ሲነበብ «ጅል» ይሆናል። «ልብ» ወደ ኋላ ሲነበብ «ብል» ይሆናል፤ ልብስን የሚበላው ያ ብል ነው። «ሰላም» ወደ ኋላ ሲነበብ «ምላሰ» ሆኖ ይቀርና፣ የመጨረሻዋ ፊደል ወደ ሳድሷ ስትመለስ «ምላስ» ይሆናል። ሰላምን የሚገለብጣት ምላስ መሆኑን ለልጆች ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አናውቅም። በቤቱ ኦሮምኛ የሚያውቅ ካለ ደግሞ በሁለቱ ቋንቋ ይጫወቱ፤ «ለፈ» ምድር፣ «ላፋ» ለስላሳ መሆኑን የሰማ ልጅ፣ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ፍች እንደሚለወጥ ያለ መምህር ይረዳል።

በዚህ ጨዋታ ያደገ ልጅ ነገ ጸሓፊ ወይም ዳኛ ቢሆን፣ «ይሰማል» ብሎ ከመጻፉ በፊት ብዕሩን ጥቂት ያቆማል። ያቺ ጥቂት ማቆም ለሚጠብቀው ባለጉዳይ ትበቃዋለች።